የመሥሪያ ቤት ዕውቀት የት ያድራል?

በጎንደር ከተማ ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችና ሠራተኞች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ ጽሑፍ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ ባለሙያዎች፣ መምህራንና የከተማችን ነዋሪዎች፤

ዛሬ የምናገረው ስለ ዕውቀት አስተዳደር ነው። ጉዳዩ በዕቅዶቻችንና በሪፖርቶቻችን ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ በስሙ የሥራ ክፍል ያቋቋሙ መሥሪያ ቤቶችም አሉ። ክፍሉ ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ስለ ፋይል አያያዝ፣ ስለ ኮምፒውተር ግዥና ስለ ድረ ገጽ ነው። እነዚህ ሁሉ ያስፈልጋሉ። እኔ የማምነውና በዚህ ንግግር ላስረዳ የምሻው ግን የአንድ መሥሪያ ቤት ዋነኛ ዕውቀት የሚያድረው በሠራተኞቹ ውስጥ መሆኑን፣ ስለዚህም ዕውቀትን ማስተዳደር ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ያ ዕውቀት ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ጊዜ፣ ቦታና ምክንያት ማዘጋጀት መሆኑን ነው።

ነገሩን በቅርባችን ባለ ጉዳይ ልጀምር። በየዓመቱ በሰሊጥ ሥራ ወቅት ከደጋው ብዙ ወጣት ለጉልበት ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ይወርዳል። ከሚመለሱት መካከል አንዳንዶቹ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ይዟቸው ይመጣሉ። በሽታው ለሳምንታት የሚዘልቅ ትኩሳት፣ መክሳትና የጣፊያ ማበጥ ያስከትላል፤ ካልታከመ ይገድላል። አሁን አንድ ጤና ጣቢያ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። አንድ ወጣት ትኩሳት ይዞት ገብቷል፤ በወባ ምርመራው ምንም አልተገኘበትም። አዲሱ ባለሙያ ማስታገሻ ሰጥቶ ሊሸኘው ሲል፣ በዚያ ቤት ብዙ ዓመት ያገለገሉት ሲስተር የልጁን ፊትና የላላውን ቀበቶ ያያሉ። “ልጄ፣ ዘንድሮ ቆላ ወርደህ ነበር?” ብለው ይጠይቁታል። “አዎ፣ መተማ ነበርኩ፤ ሜዳ ላይ ነበር የምናድረው” ይላቸዋል። ሲስተር አልጋው ላይ አስተኝተው ከግራ ጎድኑ በታች በእጃቸው ይዳስሱትና፣ ወደ ጎንደር ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት እንዲጻፍለት ያደርጋሉ።

በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ የሰፈረው የትኩሳት ሕሙማን ቁጥር መረጃ ነው። ያ ቁጥር ከሰሊጥ አጨዳ በኋላ ተለይቶ ሲታይ ትርጉም ያለው መረጃ ይሆናል። የሲስተር ጥያቄ ግን ከሁለቱም ያለፈ ነው፤ መዝገቡን፣ ወቅቱን፣ የልጁን መልክና ቀደም ሲል ያዩዋቸውን ብዙ ሕሙማን በአንድ ቅጽበት አገናኝተው ያወጡት ፍርድ ነው። ታማሚው የት እንደ ሰነበተ መጠየቅ እንደሚገባ በሕክምና መመሪያውም ላይ ተጽፏል። አዲሱ ባለሙያ መመሪያውን አንብቦት ይሆናል፤ ፈተናም አልፎበት ይሆናል። ሆኖም የትኛው ትኩሳት ያንን ጥያቄ እንደሚጠራ ገና ዓይኑ አልለመደውም። ሲስተር ነገ ወደ ሌላ ወረዳ ቢዛወሩ፣ በሰው ኃይል ሠንጠረዡ ላይ አንድ ሰው ጎደለ ተብሎ በተመሳሳይ የትምህርት ደረጃ ሌላ ሰው ይተካል፤ ሠንጠረዡም ይሞላል። ጤና ጣቢያው ያጣውን ነገር የሚያሳይ አምድ ግን በሠንጠረዡ ላይ የለም።

የሃንጋሪ ተወላጁ የኬሚስትሪ ሊቅና ፈላስፋ ማይክል ፖላኒ ሰው በቃላት ሊገልጸው ከሚችለው የበለጠ እንደሚያውቅ ያስረዳው ይህን በመሰለው ጉዳይ ነው። የምናውቀውን ሰው ፊት ከሺህ ፊት መካከል እንለየዋለን፤ እንዴት እንደለየነው ተናገሩ ብንባል ግን የምንለው ያጥረናል። ዕውቀት አስተዳደር እንደ አንድ የጥናትና የሥራ መስክ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሲስፋፋም መነሻ ካደረጋቸው አሳቦች አንዱ ይኸው በተጻፈውና በሰው ውስጥ በተሸሸገው ዕውቀት መካከል ያለው ልዩነት ነበር።

ለጎንደር ሰው ይህ እንግዳ አሳብ ሊሆን አይገባም። ይህች ከተማ የአቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ የሚቀርበው የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ትምህርት ማስመስከሪያ ናት። በየትኛውም ደብር አቋቋም የተማረ ደቀ መዝሙር ትምህርቱ እንዲረጋገጥለት ሲፈልግ ወደ ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፤ በመምህሩ ፊት ቆሞ ያስመሰክራል። የሚማረው ቁሙን፣ ዝማሜውን፣ መረግዱን፣ ጽፋቱንና ወረቡን ነው። የቃሉ ትምህርት የሚሰጠው በሌሊት ነው፤ መጽሐፍ በሌለበት፣ ከመምህሩ አፍ እየተቀበሉ። መቋሚያው መቼ እንደሚነሳና ወዴት እንደሚዘም፣ ጸናጽሉ ከየትኛው ፊደል ጋር እንደሚወርድ፣ ከበሮው መቼ ረገብ ብሎ መቼ እንደሚጠና ተማሪው የሚይዘው አብሮ በመቆም፣ ሲሳሳት በመታረምና እንደገና በመቆም ነው። ይህን ሁሉ በወረቀት ዘርዝሮ ጽፎ ለአንድ ብልህ ሰው ቢሰጡት፣ ወረቀቱን ሸምድዶ ማሕሌት ሊቆም አይችልም።

ይህን ስል ጽሑፍን ለማቃለል አይደለም፤ የዜማ ሊቃውንቱ ራሳቸው ጽሑፍን ምን ላይ እንደሚያውሉት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በአጼ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለድጓው፣ ለቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ ምልክት አበጁለት። ከቃሉ በላይና በታች የሚጻፉት ይዘት፣ ደረት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ድፋት፣ ርክርክ፣ ጭረትና ሌሎቹም፣ እንዲሁም ከታወቁ ዜማዎች ተቆንጽለው የተወሰዱት ደቃቅ ፊደላት፣ ዜማውን ለተማረ ሰው የተማረውን ያስታውሱታል፤ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ሲሄድም ዜማው እንዳይለያይ ያግዙታል። ምልክቱን በመምህር ፊት ላልተማረው ግን በብራና ላይ ያለ ቀለም ብቻ ነው። የማናቸውም መሥሪያ ቤት የአሠራር መመሪያ፣ ፕሮቶኮልና ማኑዋል ከዚህ የተለየ አገልግሎት የለውም። የሚያውቀውን ሰው ያስታውሰዋል፤ የሚማረውን ሰው ከመምህሩ ጋር ሆኖ ያግዘዋል። መምህሩን ይተካል ብለን ስንጠብቅበት ግን ተስፋችን ከንቱ ይሆናል።

የከተማዋ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። በ1859 ዓ.ም. አጼ ቴዎድሮስ ጎንደርን ሲያቃጥሉ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጻሕፍት ተሰብስበው ወደ መቅደላ ተጓዙ፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ 350 ገደማ የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች ከተማዋን አቃጠሉ። ይህን ሁሉ ጥፋት ያየ ሰው የጎንደር ትምህርት እዚያው አከተመ ቢል ባልተፈረደበት ነበር። ነገር ግን መጽሐፉ ቢቃጠልና ቢጋዝም መምህሩና ደቀ መዝሙሩ ስለተረፉ ትምህርቱ ቀጠለ፤ መጻሕፍቱም በየደብሩ እንደገና ተጻፉ። ለመጻሕፍቱ መጥፋት የሚሰማኝ ቁጭት ጥልቅ ነው፤ ከመካከላቸው ምትክ የሌላቸው ይገኛሉና። ሆኖም የአንድ ተቋም ሕልውና በምን ላይ እንደቆመ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ወደ ፋብሪካው ዓለም እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ማትሱሺታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቤት ውስጥ ዳቦ የሚጋግር ማሽን ለመሥራት ይጥር ነበር። ማሽኑ ሊጡን ማቡካት አልሆነለትም፤ ዳቦው ላይ ላዩ ሲያር ውስጡ ጥሬ ይቀራል። መሐንዲሶቹ ማሽኑ ያቦካውንና ጋጋሪ ያቦካውን ሊጥ በራጅ ሳይቀር አነጻጸሩ፤ ምንም አላገኙም። ኢኩኮ ታናካ የምትባል የኩባንያው ሶፍትዌር ባለሙያ በኦሳካ በዳቦው ወደታወቀ ሆቴል ሄዳ ከዋናው ጋጋሪ ሥር ተለማማጅ ሆነች። አብራው ስታቦካ ሳለ ሰውዬው ሊጡን ሲስብ ጠምዘዝ እንደሚያደርገው አስተዋለች። ጋጋሪው ይህን ማድረጉን ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ እጁ ነበር የሚያውቀው። ታናካ ያየችውን ለመሐንዲሶቹ አስረዳች፤ እነርሱም ከብዙ ሙከራ በኋላ በማሽኑ ውስጥ ሊጡን የሚይዙ ዘንጎች ጨመሩ፤ ማሽኑም እ.ኤ.አ. በ1987 ለገበያ ቀረበ። ይህን ታሪክ በዓለም ያሳወቀው ኢኩጂሮ ኖናካ የተባለው የጃፓን የሥራ አመራር ምሁር ነው። እርሱና ባልደረባው ሂሮታካ ታኬውቺ ካስተማሩት የምወስደው ይህ ነው፦ ዕውቀት መጀመሪያ አብሮ በመሥራት ከሰው ወደ ሰው ያልፋል፤ ቀጥሎ የተቀበለው ሰው በቃልና በሥዕል ይገልጸዋል፤ የተገለጸው ከሌሎች ከተጻፉ ነገሮች ጋር ይዋሃዳል፤ በመጨረሻም ሌሎች እየሠሩበት መልሶ የእጃቸው ልማድ ይሆናል። ብዙዎቻችን የምንስተው የመጀመሪያውን ደረጃ ነው። አብሮ መሥራቱን ዘለን በቀጥታ ጻፉ እንላለን።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የርክክባችን ጉዳይ ነው። አንድ ሠራተኛ ሲለቅ፣ ሲዛወር ወይም ጡረታ ሲወጣ ክሊራንስ ይሞላል። ወረቀቱን ይዞ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ንብረት ክፍል በሞዴል 22፣ በንብረት ማውጫው ቅጽ፣ የወጣለትን ወንበርና ኮምፒውተር መመለሱን አይቶ ይፈርማል፤ ፋይናንስ ያልተወራረደ ሒሳብ እንደሌለበት ይፈርማል፤ ቤተ መጻሕፍት ካለም መጽሐፍ እንዳልቀረበት ይፈርማል። ቁልፍ ይቆጠራል፤ ማኅተም በእጁ ከነበረም በቃለ ጉባኤ ይረከቡታል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ የሕዝብ ንብረት ነውና። ነገር ግን ያ ሰው 20 ዓመት የሠራበትን ሥራ ለማን እንዳሳየ፣ ማን አብሮት እንደቆየ፣ የትኛው ጉዳይ በእርሱ ትዝታ ብቻ ተይዞ እንዳለ የሚጠይቅ አንድ መስመር በቅጹ ላይ የለም። ለአንድ ወንበር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ በደመወዝም በሥልጠናም ከወንበሩ እጅግ የበለጠ ገንዘብ የወጣበትን ነገር ያለ አንድ ፊርማ እንሸኘዋለን።

ለምሳሌ በአንዲት ከተማ የውኃ መስመር ላይ ዕድሜውን የጨረሰ የቧንቧ ሠራተኛን እናስብ። የመስመሩ ካርታ በቢሮ ተሰቅሏል፤ ካርታው ከተሳለ ወዲህ ግን መንገድ ሰፍቷል፣ አስፋልት ተነጥፏል፣ በአስቸኳይ ጥገና ወቅት አንዳንዱ ቫልቭ ከቦታው ተነሥቷል። ሠራተኛው የትኛው ቫልቭ በየትኛው ግንብ ሥር እንዳለ፣ የትኛው ሙሉ በሙሉ እንደማይዘጋ፣ ግፊቱ ሲጨምር መጀመሪያ የሚፈነዳው የትኛው መጋጠሚያ እንደሆነ ያውቃል። እርሱ ጡረታ በወጣ ማግስት ቧንቧ ቢፈነዳ፣ ተተኪዎቹ አስፋልቱን ሦስት ቦታ ይቆፍራሉ፤ ሰፈሩም ለቀናት ውኃ ያጣል። የዕውቀት መጥፋት ዋጋ ሲከፈል በሪፖርት ላይ “የመሠረተ ልማት ጉዳት” ተብሎ ስለሚመዘገብ እውነተኛ ስሙ ተደብቆ ይቀራል።

እዚህ ላይ ሠራተኛውን ወቅሶ ማለፍ ይቀናናል፤ “ዕውቀቱን ደበቀ” እንላለን። እኔ በዚህ ወቀሳ አልስማማም። አንድ ባለሙያ የሚያውቀውን ሁሉ ካካፈለ በኋላ በመሥሪያ ቤቱ እንደሚፈለግ እርግጠኛ ካልሆነ፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘናውም ለብቻው የሠራውን እየቆጠረ ለሌላው ያስተማረውን የማይቆጥር ከሆነ፣ ዝም ማለቱ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ አሠራሩ ያስተማረውን ነው ያደረገው። ያስተማረ ሰው ባስተማረው እንዲከበር ካደረግን ግን ሰው ለማካፈል ሩቅ አይደለም።

ለዚህ የዜሮክስ ኩባንያ ተሞክሮ ይጠቅመናል። ጁልያን ኦር የተባለ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ የኩባንያውን የፎቶ ኮፒ ማሽን ጠጋኞች እየተከተለ ሲያጠና፣ ሰዎቹ ከማኑዋሉ ይልቅ እርስ በርስ በሚያወሩት የብልሽት ታሪክ እንደሚማሩ ተረዳ። ማኑዋሉ ያላሰበውን ብልሽት ያወቁት ቡና ላይ ቁጭ ብለው “እኔም እንዲህ ያለ አጋጥሞኝ” ሲባባሉ ነበር። ኩባንያው ይህን ጨዋታ ሥራ መፍታት ነው ብሎ ሊከለክለው ይችል ነበር። ይልቁንም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢዩሬካ የተባለ አሠራር ዘረጋ፤ ጠጋኙ ያገኘውን ብልሃት ይጽፋል፣ የሙያ አጋሮቹ መርምረው ትክክል መሆኑን ያረጋግጣሉ፣ ከዚያም ከጸሐፊው ስም ጋር ለሁሉም ይደርሳል። በአሠራሩ ውስጥ ትልቁ ማበረታቻ የጠጋኙ ስም በአቻዎቹ ዘንድ መታወቁ ነበር። በአቻ የተረጋገጠ ሙያና በስም የሚታወቅ ባለሙያ ማለት ደግሞ በበአታ ያስመሰከረ ሊቅ ከሚያገኘው ክብር የራቀ አይደለም፤ ስለዚህ አሠራሩን ለመረዳት ባዕድ አገር መሄድ የግድ አይለንም።

ሌላው ሳንጠቀምበት የምናልፈው አጋጣሚ ከትልልቅ ሥራዎች በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ አለቃና ወታደር አብረው ተቀምጠው አራት ነገር የሚጠያየቁበትን ልማድ አዳብሯል፦ ምን እንዲሆን አቅደን ነበር፣ በእርግጥ የሆነው ምንድን ነው፣ ልዩነቱ ለምን መጣ፣ በሚቀጥለው ምን እናደርጋለን። እኛም ግምገማ የሚባል ልማድ አለን፤ ግን ግምገማችን አብዛኛውን ጊዜ “ማን አጠፋ” ወደሚል ጥያቄ ስለሚያዘነብል፣ ሰው የሆነውን ከመናገር ይልቅ ራሱን ለመከላከል ተዘጋጅቶ ይመጣል። ጥፋተኛ የሚፈለግበት ስብሰባ ላይ ዕውቀት አይገኝም፤ ሁለቱ ጉዳዮች በተለያየ ቀንና በተለያየ ሰብሳቢ መካሄድ አለባቸው። የጥምቀትን በዓል የምታስተናግደው ጎንደር ለዚህ ከማንም ይልቅ ምቹ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው ይህ በዓል በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የሚሰበስበው ሕዝብ ብዛት የታወቀ ነው። ሕዝቡ የት ላይ እንደሚጨናነቅ፣ አምቡላንስ በየት በኩል ማለፍ እንደቻለ፣ እንግዳ የት እንደተንገላታ የሚያውቁት አስተባባሪ ወጣቶችና የጸጥታ አባላት፣ ቃና ዘገሊላ ካለፈ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት፣ ነገሩ ሳይረሳ አራቱን ጥያቄዎች ቢመልሱ፣ የሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴ ሥራውን ከዜሮ አይጀምርም።

ስለ ኮምፒውተር ሥርዓት የምለው አጭር ነው። መዝገብ ቤቱን በዘመናዊ መንገድ ማደራጀት ጥሩ ነው፤ የተጻፈው ነገር ሲፈለግ ካልተገኘ እንዳልተጻፈ ይቆጠራልና። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይኤስኦ 30401 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርትም ቢሆን ቴክኖሎጂን ብቻ አይጠይቅም፤ የአመራሩን ቁርጠኝነትና የመሥሪያ ቤቱን ባህል አብሮ ይመለከታል። ልምድ ያለው ሰው በር ላይ ቆሞ ሲሰናበት እያየን ለሶፍትዌር ግዥ ጨረታ የምናወጣ ከሆነ ግን፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ይደርስብናል።

በዚህች ከተማ ሌላም ልንኮራበት የሚገባ ልማድ አለ። በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተውና ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የጤና አጠባበቅ ባለሙያዎችን ለየብቻ አስተምሮ መሸኘትን በቂ አላለም፤ ተማሪዎቹ በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወጡና በመምህራን ክትትል አብረው እንዲሠሩ አደረገ። አንዱ ሙያ ከሌላው የሚማረው በዚያ ነበር። ይህ ልማድ ለሐኪም ቤት ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ የግብርና ባለሙያውና የውኃ መሐንዲሱ፣ የቅርስ ጥበቃ ባለሙያውና ግንበኛው አብረው ወደ ሥራ ቦታ ቢወጡ የሚተላለፈው ዕውቀት በስብሰባ አዳራሽ ከሚተላለፈው ይበልጣል።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ መቼ እንደሚለቅ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ የጡረታው ዕድሜ ግን 60 መሆኑ ይታወቃል፣ የትውልድ ቀኑም በግል ማኅደሩ ውስጥ አለ። ስለዚህ በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ጡረታ የሚወጡትን ሠራተኞች ስም ዝርዝር እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በአንድ ቀን ሊያወጣ ይችላል። ከዝርዝሩ ውስጥ ሥራቸው በሌላ ሰው እጅ የሌለ ይለዩ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ወጣት ይመደብ፤ ወጣቱ የሚመደበው ማስታወሻ ለመያዝ ሳይሆን አብሮ ለመሥራት ነው። የመጨረሻው ዓመት ሲደርስ ከአንጋፋው የዕለት ተዕለት ሥራ የተወሰነው ተነሥቶለት የማስተማሩ ሥራ በምዘናው ላይ ነጥብ ይሰጠው፤ በክሊራንሱ ቅጽ ላይም ወጣቱ ሥራውን ብቻውን ሠርቶ ማሳየቱን የቅርብ ኃላፊው የሚፈርምበት አንድ መስመር ይጨመር። ይህ አዲስ መደብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የሁለት ሰዎችን ጊዜ ነው፤ ያም ጊዜ በዕቅድ ላይ ሥራ ተብሎ ካልተጻፈ ማንም አይሰጠውም። የሚቀጥለው በጀት ዓመት ዕቅድ ሐምሌ ከመግባቱ በፊት ስለሚዘጋጅ፣ የሰው ሀብት ክፍሎች ዝርዝሩን በዚህ ወር አውጥተው ለየሥራ ክፍሉ ኃላፊ ቢያደርሱት በዕቅዱ ውስጥ ለማስገባት በቂ ጊዜ ይኖራል።